«ውሸት ነው» ተብሎ ሐኪሙ የቀረበት ትግል

በ1984 መገባደጃ ላይ ነው፤ ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የሚባለው አዳራሽ። የኤቢሲ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጆን ስቶሴል ዴቪድ ሹልትዝ የሚባል ግዙፍ ሬስለር ፊት ቆሞ ቃለ መጠይቅ እያደረገለት ነው። መሀል ላይ «ይሄ ነገር ውሸት ይመስለኛል» አለው። ሹልትዝ በመዳፉ ጆሮ ግንዱን አጮለው። ጋዜጠኛው ወለሉ ላይ ተዘረረ። ብድግ ሲል ሌላኛውን ጆሮውን ደገመው። ካሜራው ሁሉንም ቀርጾታል። ስቶሴል ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ425 ሺህ ዶላር ስምምነት አለቀ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

እኛም ልጆች ሆነን በዚሁ ጥያቄ ስንጨቃጨቅ ነው ያደግነው። ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠባብቀን፣ ወይ ዲሽ ያለው ጎረቤት ቤት በር ላይ ተኮልኩለን «እውነት ነው»፣ «ውሸት ነው» እንባባላለን። አንዱ «ደሙን አላየኸውም እንዴ?» ይላል። ሌላው «ባክህ ቀለም ነው!» ይለዋል። ክርክሩ በእውነተኛ ቡጢ ያለቀበት ጊዜም ነበር።

አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የእህቴ ልጅ ሬስሊንግ ነፍሱ ነው። እኔም አብሬው እያየሁ፣ እያየሁም እያነበብኩ፣ ሳላስበው ገባሁበት። ከትግሉ ይበልጥ የያዘኝ ግን ከጀርባው ያለው የሕግ ታሪክ ነው። የአሜሪካ ስቴቶች ለአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ እኛ ቪዲዮ ቤት የምንጠይቀውን ጥያቄ ሲጠይቁ ኖረዋል። እውነት ነው ወይስ ውሸት? እውነት ከሆነ እንቆጣጠረው። ውሸት ከሆነ እንተወው። በዚህ አካሄድ ብዙ ሰው ተጎድቷል ብዬ አምናለሁ። ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑ ለሚወድቀው ሰው አንገት ምንም አይፈይድለትም። መንግሥት ከጅምሩ ማየት የነበረበት አንገቱን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቦክስ ነው። ኒው ዮርክ በ1920 የዎከር ሕግ የሚባለውን አውጥታ ቦክስን ስትፈቅድ የሚቆጣጠረውን ኮሚሽንም አብራ አቋቋመች። ሬስሊንግም በኮሚሽኑ ሥር ገባ። ሌሎች ስቴቶችም ተመሳሳይ አካል ነበራቸው። ኮሚሽኑ ለተጋጣሚው፣ ለዳኛውና ለአዘጋጁ ፈቃድ ይሰጣል። ከገቢው ላይ ቀረጥ ይሰበስባል። ሐኪም እንዲኖር ያዛል። ወረቀት ላይ ሲታይ መልካም ነው።

ጉልበታቸውን በምን ላይ እንዳዋሉት ስታይ ግን ታዝናለህ። በ1930ዎቹ የኒው ዮርክ ኮሚሽን ሬስሊንግ በማስታወቂያ ላይ እንደ ውድድር እንዳይቀርብ፣ ትርዒት ተብሎ እንዲጠራ አዘዘ። አሸናፊው አስቀድሞ እንደሚታወቅ ያኔም ገብቷቸዋል ማለት ነው። ሴቶች በዚያ ስቴት ሪንግ ላይ እንዳይወጡ እስከ 1972 ድረስ ተከልክለው ቆዩ። ጭንብል አድርጎ መግጠምም አይፈቀድም ነበር። ሜክሲኳዊው ሚል ማስካራስ እዚያው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ጭንብሉን እንዳጠለቀ የገባው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ሴት አትታገል፣ ፊት አይሸፈን፣ ማስታወቂያው እንዲህ ይጻፍ፤ ዋናው ጭንቀታቸው ይሄ ነበር።

ይሄ አስተሳሰብ ከ1972 ጋር አልሞተም። ደብሊው ደብሊው ኢ የሚባለው ትልቁ የአሜሪካ የሬስሊንግ ኩባንያ በ2018 ሳዑዲ፣ ጅዳ ላይ ትልቅ ትዕይንት ሲያዘጋጅ ሴት ሬስለሮቹ አልተሳተፉም። በ2019 ኦክቶበር መጨረሻ ሪያድ ላይ ናታልያና ሌሲ ኤቫንስ ሰውነታቸው ተሸፍኖ ገጠሙ። በሳዑዲ የመጀመሪያው የሴቶች ግጥሚያ እሱ ነው። መንግሥት ሬስሊንግ ውስጥ እጁን ሲያስገባ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ማን ምን ለብሶ እንደሚታይ ነው። ኒው ዮርክም፣ ሪያድም።

ወደ 1980ዎቹ እንመለስ። ያን ጊዜ ሙያው ምስጢሩን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቀው። በቴሌቪዥን ደመኛ ሆነው የሚታዩ ሁለት ሰዎች ውጪ አብረው መታየት የለባቸውም። በ1987 ኒው ጀርሲ ውስጥ ፖሊስ አንድ መኪና ሲያስቆም ሁለት «ጠላቶች» አብረው ተገኙ። ከተያዘባቸው ዕፅ ይልቅ አብረው መጓዛቸው ነበር ትልቁ ቅሌት።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ ያንን ሁሉ ምስጢር ኩባንያው ራሱ አፍረጠረጠው። የዛሬው ደብሊው ደብሊው ኢ፣ ያኔ ደብሊው ደብሊው ኤፍ ይባል የነበረው የቪንስና የሊንዳ ማክማን ድርጅት፣ እዚያው ኒው ጀርሲ ውስጥ ለሕግ አውጪዎች «እኛ ስፖርት አይደለንም፣ መዝናኛ ነን» አለ። የቀረበው ረቂቅ ሬስሊንግን ሲተረጉመው፣ ተጋጣሚዎች በዋናነት ተመልካችን ለማዝናናት እንጂ እውነተኛ ውድድር ለማካሄድ የማይታገሉበት ተግባር ነው ይል ነበር። የስቴቱ ሴኔት 37 ለ 1 አሳለፈው።

ለምን ተናዘዙ? ለገንዘብ ነው። ስፖርት ከሆንክ ኮሚሽኑ ደጅህ ላይ ነው። ፈቃድ ታወጣለህ፣ ከቴሌቪዥን ሽያጭህ ላይ ቀረጥ ትከፍላለህ። መዝናኛ ከሆንክ እንደ ሰርከስ ትታያለህ። በዚህ አልፈርድባቸውም፤ ነጋዴ ወጪ መቀነሱ አያስደንቅም። የሚያንገበግበኝ ከቀረጡ ጋር አብሮ እንዲወጣ የተጠየቀው ነገር ነው። ትግሉ ከመጀመሩ በፊት ተጋጣሚውን የሚመረምር ሐኪም እንዲኖር የሚያዘው ግዴታም በዚያው ጥቅል ውስጥ ነበር። ሴናተሮቹ «ትግሉ ውሸት ከሆነ ሐኪሙ ምን ይሠራል?» ብለው ያሰቡ ይመስለኛል። ሰው ከገመድ ላይ ዘሎ በጀርባው ሲያርፍ ግን ሳንቃው ውጤቱ መወሰኑን አያውቅም።

ቀረጡም በመጨረሻ ቀረላቸው። በ1997 የኒው ጀርሲ ገዥ ክሪስቲን ቶድ ዊትማን የቴሌቪዥኑን ቀረጥ በሚያስቀር ሕግ ላይ ፈረሙ። በዚያው ክረምት ድርጅቱ ሰመርስላም የሚባለውን ትልቅ ትዕይንቱን ኢስት ረዘርፎርድ ላይ አደረገና፣ ለገዥዋ ሪንግ ላይ የሻምፒዮን ቀበቶ አበረከተላቸው። ተቆጣጣሪ የነበረው አካል ከሚቆጣጠረው ሰው እጅ ቀበቶ ሲቀበል ሕዝቡ አጨበጨበ። ያንን ምሽት ባሰብኩ ቁጥር ይከፋኛል።

ደግሞ መዝናኛ ነን ማለቱም ሁልጊዜ አይሠራም። በ2020 ኤፕሪል፣ ኮሮና አገሩን ሁሉ በዘጋበት ሰሞን፣ ፍሎሪዳ መዘጋት የሌለባቸው አስፈላጊ አገልግሎቶች ዝርዝር ላይ በአገር አቀፍ ደረጃ ተመልካች ያለው የሙያ ስፖርትና የሚዲያ ሥራን ጨመረች። ደብሊው ደብሊው ኢ በዚያ ስም ኦርላንዶ ላይ ያለ ተመልካች ቀጥታ ስርጭቱን ቀጠለ። ቀረጥና ሐኪም ሲመጣ መዝናኛ ናቸው፣ በር የሚከፈትላቸው ሲሆን ስፖርት ናቸው።

እስቲ ሪንጉን ራሱን ልንገራችሁ። ከስር የብረት ማዕቀፍ አለ። በላዩ ላይ ሳንቃ ይደረደራል። በሳንቃው ላይ ስስ ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ ሸራ ይወጠራል። በቃ። ትራምፖሊን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ በጭራሽ አይደለም። አወዳደቅ የሚማር ልጅ መጀመሪያ የሚነገረው አገጩን ወደ ደረቱ እንዲሰበስብ ነው። ካልሰበሰበ ማጅራቱ ቀድሞ ያርፋል። ትንፋሹን ያወጣል፣ በሰፊው ጀርባው ይወድቃል፣ በክንዶቹ ሸራውን ይመታል። ያ ምት ከፊሉን ጉልበት ይበትነዋል። የቀረውን ጀርባው ይጠጣዋል። ይሄንን በአንድ ምሽት ደጋግሞ፣ በሳምንት ብዙ ምሽት፣ ለዓመታት ያደርገዋል።

ደሙም ቀለም አይደለም። በዚህስ የሰፈራችን ልጅ ትክክል ነበር። ሬስለሩ በእጅ መጠቅለያው ውስጥ ትንሽ የምላጭ ስባሪ ይደብቃል። ተመትቶ የወደቀ መስሎ ፊቱን ይሸፍንና ግንባሩን ይሰነጥቃል። የግንባር ቆዳ ትንሽ ሲነካ ብዙ ይደማል። ደሙ ከላብ ጋር ሲቀላቀል ፊቱን በሙሉ ያጥበዋል። ለዓመታት ይሄን ያደረጉ ሰዎች ግንባራቸው የታረሰ ይመስላል። ፔንሲልቬንያ በሕጓ ሬስለር ሆን ብሎ ራሱን እንዳይቆርጥ ከልክላለች። እንዲህ ዓይነት ሕግ ሳነብ ደስ ይለኛል። ትግሉ እውነት ነው ውሸት ነው አላለም። ምላጩ እውነት ነው፣ ደሙ እውነት ነው፣ በደም የሚተላለፍ በሽታም እውነት ነው ብሎ ነው የተነሣው።

ከእህቴ ልጅ ጋር እዚሁ ሜሪላንድ አንድ ትንሽ ትዕይንት ለማየት ሄደን ነበር። የቴሌቪዥን ካሜራ የለ፣ የመድረክ መብራት የለ፣ ታጣፊ ወንበሮች የተደረደሩበት የሰፈር አዳራሽ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ቴሌቪዥን ላይ የማይሰማው ድምፅ እዚያ ይሰማል። አንድ ቀጭን ወጣት በጀርባው ሲወድቅ ሳንቃው «ጓ» ይላል፤ ከድምፁ ቀጥሎ ሳንባው ሲተነፍስ ትሰማዋለህ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንደወደቀ ጀርባው ቀልቶ በርበሬ መሰለ። የእህቴ ልጅ እጄን ያዘኝና «አጎቴ፣ ያመዋል አይደል?» አለኝ። ያመዋል አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ከሪንጉ ጥግ አንድ ጠና ያሉ ሰው ቦርሳቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። ሐኪሙ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ ሲጮህ እሳቸው ዝም ብለው የልጁን አንገት ነው የሚከታተሉት። አንዴ ከላይኛው ገመድ ላይ ሲዘል ግማሽ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ልጁ በራሱ ሲቆም ተመልሰው ቁጭ አሉ። ትዕይንቱ ሲያልቅ ያው ወጣት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ቲሸርት ይሸጣል። ክርኑ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ በረዶ ይዟል። ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እንደሚያነሣ ነገረን። ነገ ጠዋትም ሥራ አለበት።

ሐኪም ይመደብ ብሎ መጮህ ብቻውን እንደማይበቃ ግን አውቃለሁ። የሚቃወሙኝ ሰዎች ከሚያነሱት ሁሉ ከባዱ የዶክተር ጆርጅ ዛሆሪያን ታሪክ ነው፤ ልክም ናቸው። ዛሆሪያን ፔንሲልቬንያ ውስጥ የስቴቱ ኮሚሽን ለሬስሊንግ ትዕይንቶች የመደበው ሐኪም ነበር። መልበሻ ክፍል የሚገባው የደም ግፊት ሊለካ ነው። እዚያው ለሬስለሮቹ ስቴሮይድ የሚባለውን ጡንቻ የሚያሳብጥ መድኃኒት ይሸጥላቸው ነበር። በ1991 የፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለውና እስር ቤት ገባ። ቪንስ ማክማንም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ተከሶ በ1994 ሎንግ አይላንድ ላይ ለፍርድ ቀረበ። ዛሆሪያን መሰከረ፤ የኩባንያው ትልቁ ኮከብ የነበረው ሀልክ ሆጋንም ስቴሮይድ ይወስድ እንደነበር ለፍርድ ቤቱ ተናገረ። ዳኞቹ ማክማንን ነፃ ለቀቁት።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚወስደው ትምህርት «መንግሥት ከገባበት ይባስ ይበላሻል» የሚል ነው። እኔ እንደዚያ አላየውም። የዛሆሪያን ችግር ስቴቱ መድቦት ዞር ብሎ አለማየቱ ነው። ኮሚሽኑ የሚፈልገው ወረቀቱ ላይ የሐኪም ፊርማ መኖሩን ነበር። ፊርማው ነበር። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ፣ ሰዎቹ ለምን እንዲህ እንዳበጡ የጠየቀ አልነበረም። በዚያው ዘመን ኩባንያው በፔንሲልቬንያም ቁጥጥሩ እንዲላላለት ሎቢ ያደርግ ነበር። ከጠበቆቹ አንዱ በኋላ ሴናተር የሆኑት ሪክ ሳንቶረም ናቸው። ሐኪሙ ሌባ ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙን ነው መቀየር። ሕክምናውን ማስቀረት ምን አመጣው?

ሬስለሩን ኦወን ሃርትን ሳስብ ደግሞ ሐኪምም ብቻውን እንደማይበቃ ይገባኛል። ሜይ 23 ቀን 1999፣ ሚዙሪ፣ ካንሳስ ሲቲ፣ ኬምፐር አሬና። ኦወን 34 ዓመቱ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት። ብሉ ብሌዘር የሚባል አስቂኝ ጀግና ሆኖ ከጣራው ላይ በገመድ ሊወርድ ነበር። ሪንጉ ጋ ሲደርስ ቶሎ እንዲላቀቅ ተብሎ በትንሽ ጉተታ የሚከፈት መያዣ ተደርጎለታል። መያዣው ገና ከላይ ሳለ ተከፈተ። ከ24 ሜትር ገደማ ወደቀ። ቀጥታ ስርጭቱን የሚያስተላልፈው ጂም ሮስ በቴሌቪዥን ለሚያዩት ይሄ የትዕይንቱ አካል እንዳልሆነ ነገራቸው፤ ጥቂት ቆይቶም ሞቱን አረዳ። አዳራሹ ውስጥ ለነበረው ሕዝብ ግን አልተነገረውም። ትዕይንቱም አልተቋረጠም። ሌሎቹ ሬስለሮች ባልደረባቸው የወደቀበት ሪንግ ላይ ወጥተው ታገሉ።

ባለቤቱ ማርታና ቤተሰቡ ከሰሱ፤ በ2000 በ18 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ያንን ሌሊት ሳነብ የሚያቃጥለኝ ጥያቄ አንድ ነው። ትዕይንቱ ይቁም ብሎ የማዘዝ ሥልጣንም ድፍረትም የነበረው ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ለምን አልተገኘም? ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ ከጣራ ቢወድቅ ማሽኑ ይቆማል፣ ቦታው ይታጠራል፣ መርማሪ ይመጣል። እዚህ የሞተው ሰው ጭንብልና ካባ ለብሶ ነበር፤ ስለዚህ ቀጣዩ ግጥሚያ ተጠራ።

ሠራተኛ ካልኩ ዘንድ፣ ሌላው ቁስል እዚህ ላይ ነው። ሬስለሮቹ በወረቀት የኩባንያው ሠራተኞች አይደሉም። ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ኮንትራክተሮች ናቸው። እዚህ አካባቢ ኡበር የሚነዱ ወዳጆቼ የዚህን ትርጉም ሳላብራራላቸው ያውቁታል። ኢንሹራንስህ ያንተ ጣጣ ነው። ሕመም ፈቃድ የለም። ኩባንያው ግን የት እንደምትሄድ፣ ምን እንደምትለብስ፣ በማን እንደምትሸነፍ ይወስናል። ጄሲ ቬንቱራ የሚባል ሬስለር በ1986 ማኅበር እናቋቁም ብሎ ባልደረቦቹን ለማነሳሳት ሞክሮ ነበር፤ አልተሳካም። ቬንቱራ በኋላ የሚኒሶታ ገዥ ሆነ። ማኅበሩ ግን እስካሁን የለም።

ከዚያ 2007 መጣ። የኩባንያው ሬስለር ክሪስ ቤንዋ ጆርጂያ ውስጥ ሚስቱንና የሰባት ዓመት ልጁን ገድሎ ራሱን አጠፋ። አንጎሉ ሲመረመር ተደጋጋሚ ምት የሚያመጣው ከባድ ጉዳት ተገኘበት። ያደረገውን ነገር በዚህ ላሳብብለት አልሻም፤ የሞቱት እናትና ልጅ ናቸው። ግን ያኔ ነው ዋሽንግተን ለአፍታ የነቃችው። በሄንሪ ዋክስማን የሚመራው የተወካዮች ምክር ቤት የቁጥጥር ኮሚቴ ኩባንያውን ጠየቀ፣ ሰነድ ሰበሰበ። ኩባንያው በ2006 የጀመረው የራሱ የዕፅ ምርመራ ነበረው። በመጀመሪያው ዙር 40 በመቶ የሚሆኑት ሬስለሮች ስቴሮይድ ወይም ሌላ ዕፅ ተገኝቶባቸዋል፤ ምርመራው እንደሚመጣ አስቀድሞ ተነግሯቸው ሳለ። ዋክስማን በ2009 መጀመሪያ ላይ ጉዳዩን ለዋይት ሀውስ የዕፅ ቁጥጥር ቢሮ በደብዳቤ አስተላለፉ። ሕግ ግን አልወጣም። መርማሪውም ተመርማሪውም ያው ኩባንያው ሆኖ ቀረ።

«ፈልገው የገቡበት ነው፣ ማን አስገደዳቸው?» ይለኛል አንድ ወዳጄ። ማዕድን ቆፋሪም ፈልጎ ነው የሚገባው። ግንበኛም እንደዚያው። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ በእንጨት መወጣጫ ላይ ባዶ እግሩን የቆመ ልጅ ስናይ «ፈልጎ ነው» ብለን አናልፍም፤ ወይም ማለፍ የለብንም። ደስታ የሚሰጠን ሥራ ሲሆን ለምን ልባችን እንደሚደነድን አላውቅም።

ኮሚሽን ባለበት አገርም ክፍተቱ ሰው ይበላል። ሜክሲኮ ውስጥ ሉቻ ሊብሬ የሚባለው የአገሩ ሬስሊንግ ባህል ነው፤ ኮሚሽን አለው፣ ተጋጣሚው ተፈትኖ ፈቃድ ያወጣል። በ2015 ማርች ግን ቲኋና ላይ ኤል ኢሆ ዴል ፔሮ አጓዮ የተባለው ዝነኛ ተጋጣሚ ተመትቶ ገመዱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። አንገቱ ተሰብሮ ነበር። የትወናው አካል መስሏቸው ግጥሚያው ለጥቂት ደቂቃ ቀጠለ። የትዕይንቱ ሐኪም በዚያች ሰዓት ጓዳ ውስጥ ሌሎች ተጎጂዎችን ያክም ነበር። ልጁን በኮምፖንሳቶ ጣውላ ላይ አጋድመው ተሸክመው አወጡት። 35 ዓመቱ ነበር። አንድ ሐኪም ለአንድ ሪንግ አይበቃም ማለት ነው። በተጠባባቂነት የቆመ ሌላ ሰው፣ ትክክለኛ ቃሬዛ፣ ደግሞ ዳኛው እውነተኛ ጉዳትን ከትወና የሚለይበት ምልክት ያስፈልጋል። ይሄ ሁሉ ውድ ነገር አይደለም።

ከአየኋቸው ሁሉ ልቤን ያሳረፈው የብሪታንያ ሰነድ ነው። በ2020 ብዙ ሬስለሮች፣ በተለይ ወጣት ሴቶች፣ በአሠልጣኞችና በአዘጋጆች የደረሰባቸውን ጥቃት በአደባባይ ተናገሩ። የፓርላማ አባላት ቡድን ጉዳዩን መርምሮ በ2021 ሪፖርት አወጣ። ስፖርት ነው ወይስ ትርዒት በሚለው ላይ አልተቸከሉም። ሁለቱንም ነው አሉ። ማሠልጠኛው እንደ ስፖርት ይታይ፤ እዚያ ልጆች አሉ፣ አሠልጣኝ አለ፣ የሕፃናት ጥበቃ ያስፈልጋል። መድረኩ እንደ ቲያትር ይታይ፤ ቲያትር ደግሞ የራሱ የደኅንነት ደንብ አለው። መቶ ዓመት የተጨቃጨቅንበትን ነገር እንዲህ በቀላሉ አስቀመጡት። ሪፖርት ብቻውን ሕግ አይሆንም፤ መንገዱ ግን ይሄ ነው ባይ ነኝ።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ የሆነው ከ2023 ወዲህ ነው። ደብሊው ደብሊው ኢና የእውነተኛ ፍልሚያ አዘጋጁ ዩኤፍሲ ቲኬኦ በሚባል አንድ ኩባንያ ሥር ገቡ። ዩኤፍሲ ላይ አንድ ተፋላሚ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከወደቀ፣ ኮሚሽኑ ለተወሰነ ጊዜ እንዳይገጥም በሕክምና ያግደዋል። በዚያው አሬና፣ በዚያው ባለቤት ሥር፣ ሬስለር በጭንቅላቱ ቢያርፍ በብዙ ስቴቶች ዕገዳውን የሚወስነው ኩባንያው ነው። ኩባንያው ዛሬ ሐኪሞች እንዳሉት፣ ጥንቃቄውም ከድሮው በጣም እንደተሻለ አምናለሁ። ግን ሰኞ ማታ ኮከቡ እንዲታይ የሚፈልገውም ራሱ ነው።

የትንሾቹ አዘጋጆች እሮሮም ይገባኛል። ፈቃድ፣ ዋስትና፣ አምቡላንስ፣ ሐኪም፤ ያ የሰፈር አዳራሽ ይሄን ሁሉ ከትኬት ከፍሎ ምን ይተርፈዋል? ብዙ ጊዜ ደንቡ የሚከብደው ድሃው ላይ ነው፤ ትልቁ ጠበቃ ይዞ ይመጣና ያስቀይረዋል። ስለዚህ ገንዘቡ ካለበት ይምጣ ነው የምለው። ሮው የሚባለው የሰኞ ትዕይንት ከ2025 ጀምሮ በኔትፍሊክስ እንዲተላለፍ የተፈረመው ውል ለ10 ዓመት ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከዚያ ላይ ትንሽ ቢቆረጥ በየስቴቱ ያሉ የትንንሽ አዳራሾችን ሐኪሞች ሁሉ መክፈል ይችላል።

የሜሪላንድ ምክር ቤት በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ይሰበሰባል። ለወረዳችን ተወካይ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የጠየቅኩት እነዚህን ነው። ሐኪሙን ኮሚሽኑ ይመድበው፣ ኮሚሽኑ ይክፈለው፣ አዘጋጁ እንዳያባርረው። ትዕይንት የማስቆም ሥልጣን በጽሑፍ ይሰጠው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው እዚህ ታግዶ በማግስቱ ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ላይ እንዳይገጥም ኮሚሽኖቹ መዝገባቸውን ይለዋወጡ። ከጣራ የሚወርድ ሰው ካለ ገመዱንና መያዣውን ከአዘጋጁ ነፃ የሆነ ባለሙያ አይቶ ይፈርምበት። እዚሁ አካባቢ የምትኖሩና ሬስሊንግ የምትወዱ ወገኖች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱም ጭምር፣ ደብዳቤውን ላካፍላችሁ እችላለሁ፤ ስም ቀይሮ መላክ ነው።